«ይባረር!» ከማለታችሁ በፊት፦ ቡድናችሁ ሲሸነፍ የአሰልጣኙን ውሳኔ እንዴት ትመዝናላችሁ?

ቡድናችሁ መርቶ ተሸነፈ። አሰልጣኙ የምትወዱትን አማካይ አስወጥቶ ተከላካይ አስገባ፤ ከዚያ በኋላ ጎል ተቆጠረባችሁ። ፊሽካው ሲነፋ አፋችሁ ላይ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው።

ተረጋጉ ልላችሁ አልመጣሁም። መናደድ የደጋፊ መብት ነው። እኔም ከሽንፈት በኋላ ባያናግሩኝ ነው የምመርጠው። ግን ንዴት ብቻውን ክርክር አያሸንፍም። ጓደኛችሁ «እሺ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ሲላችሁ የምትመልሱት ነገር ያስፈልጋል። አሰልጣኝ ስንወቅስ አብዛኛውን ጊዜ የምንወቅሰው ውጤቱን ነው፤ ውሳኔውን ገና አላየነውም። ሁለቱን ለመለየት እኔ እንዲህ ነው የማደርገው።

የማን ደጋፊ እንደሆንኩ አልናገርም። ከተናገርኩ ግማሾቻችሁ እዚህ ላይ ታቆማላችሁ፤ የቀራችሁት ደግሞ ታዝኑልኛላችሁ።

ፊሽካው እንደተነፋ

ስልካችሁን አንሱ፤ ግን ምንም እንዳትለጥፉ። ማስታወሻ ክፈቱና ሦስት ነገር ጻፉ። ያናደዳችሁ ውሳኔ የቱ ነው? ስንተኛው ደቂቃ ላይ ተወሰነ? በእሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ከባዱ ሦስተኛው ነው። «ሌላ ነገር ማድረግ ነበረበት» መልስ አይደለም። ማን ይውጣ? ማን ይግባ? የገባው የት ይሰለፍ? የወጣው ሰው ይሠራ የነበረውን ማን ይሥራ? ይህን መጻፍ ካቃታችሁ ያበሳጫችሁ ሽንፈቱ ራሱ ነው ማለት ነው። እሱም ችግር የለውም፤ ግን ለይታችሁ እወቁት።

ይህን ሳትጽፉ የሌላ ሰው አስተያየት አታንብቡ። ሁለት ሦስት ሰው ስለ አንድ ቅያሪ ሲጮህ ካያችሁ በኋላ በራሳችሁ ዓይን ያያችሁት ነገር ይጠፋባችኋል። በማግስቱ ያንን ጩኸት እንደ ራሳችሁ ሐሳብ ስትደግሙት ትገኛላችሁ።

ውሳኔውን በተወሰነበት ደቂቃ መዝኑት

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ከጨዋታ በኋላ ሁላችንም አሰልጣኝ ነን። ጎሉ በማን በኩል እንደመጣ፣ ማን ሰውየውን እንደለቀቀው አይተናል። አሰልጣኙ ግን በ66ኛው ደቂቃ ላይ ቆሞ 78ኛውን አላየም። ስለዚህ ጥያቄያችሁ «በዚያች ደቂቃ ምን ይታወቅ ነበር?» ይሁን።

በ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ የሆነውን አስታውሱ። የፖርቱጋሉ አሰልጣኝ ፈርናንዶ ሳንቶስ ከስዊዘርላንድ ጋር በነበረው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ክርስቲያኖ ሮናልዶን ተጠባባቂ አደረገው። በእሱ ቦታ የተሰለፈው ጎንሳሎ ራሞስ ሦስት ጎል አገባ፤ ፖርቱጋል 6 ለ 1 አሸነፈች። ሳንቶስ ደፋር ተባለ። ከአራት ቀን በኋላ በሩብ ፍጻሜው ከሞሮኮ ጋር ሮናልዶን አሁንም ወንበር ላይ አስቀመጠው። የሞሮኮው አጥቂ ዩሱፍ ኤን ነሲሪ በ42ኛው ደቂቃ በግንባሩ አገባ። ሮናልዶ በ51ኛው ተቀይሮ ቢገባም ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ። ማክሰኞ ድፍረት የነበረው ቅዳሜ እብደት ሆነ። ሳንቶስም በዚያው ሳምንት ሥራውን ለቀቀ።

ታዲያ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? በሁለቱም በኩል መከራከር ይቻላል። «ሞሮኮ እንደ ስዊዘርላንድ ክፍት ሆና አትጫወትም፤ ተሰብስባ ነው የምትከላከለው፤ ለእንደዚህ ዓይነት ቡድን ሳጥን ውስጥ በግንባር የሚያስቸግር አጥቂ ከመጀመሪያው ያስፈልግ ነበር» የሚል ሰው ትችት አለው። ይህ ሁሉ ከጨዋታው በፊት የሚታወቅ ነገር ነው። «ሮናልዶ እኮ ነው!» የሚለው ሰውዬ ግን ማክሰኞ ማታ የት ነበር?

ሌላም አለ። በ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ የኔዘርላንድሱ አሰልጣኝ ሉዊስ ቫን ሃል ከኮስታሪካ ጋር በነበረው ሩብ ፍጻሜ ጨዋታው ወደ መለያ ምት ሊያመራ ሰኮንዶች ሲቀሩት በረኛውን ያስፐር ሲለሰንን አስወጥቶ ቲም ክሩልን አስገባ። ክሩል ሁለት መለያ ምት አዳነ፤ ኔዘርላንድስ 4 ለ 3 አለፈች። ቫን ሃል ሊቅ ተባለ። በግማሽ ፍጻሜው ከአርጀንቲና ጋር ግን ሦስቱንም ቅያሪ ቀደም ብሎ ጨርሶ ነበር። ሲለሰን እዚያው ቀረ፤ አንድም ሳያድን 4 ለ 2 ተሸነፉ።

ክሩል ያን ቀን ሁለቱንም ባይዝ ኖሮ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ሦስት ቅያሪ ብቻ ይፈቀድ በነበረበት ጊዜ አንዱን ለመጨረሻዋ ሰኮንድ ማስቀመጥ ትልቅ ቁማር ነው። ቢሸነፍ ኖሮ ውሳኔው ያው ነው፤ ስሙ ግን «ቀልደኛ» ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ሌሎች ቀላል ነገሮችንም አጣሩ። ቡድኑ ስንት ቀን አርፎ ነው የገባው? ከጉዳት የተመለሰ ሰው ነበር? ቀጣዩ ጨዋታ መቼ ነው? ከሦስት ቀን በፊት 120 ደቂቃ የሮጠ አማካይ በ60ኛው ደቂቃ ሲወጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከታክቲክ ይልቅ ጡንቻው ነው።

ከቅያሪው በፊት ያለችውን አሥር ደቂቃ ድገሟት

ሙሉ ጨዋታ ድጋሚ እዩ አልልም። የተሸነፉበትን ጨዋታ ሙሉ ሁለቴ የሚያይ ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል። ከቅያሪው በፊት ያለችውን አሥር ደቂቃና ከቅያሪው በኋላ ያለችውን አሥር ደቂቃ እዩ። አንዷን ብቻ የምታዩ ከሆነ የፊተኛዋን ምረጡ።

ስታዩ ኳሱን ተዉት፤ የወጣውን ተጫዋች ተከተሉ። እጁ ጉልበቱ ላይ ነው? ኳስ ሲነጠቅ ይሮጣል ወይስ ያያል? ከማዕዘን ምት በኋላ ወደ ቦታው የሚመለሰው ስንተኛ ሆኖ ነው? የጭኑን ኋላ ይነካካል? ካሜራው ኳሱን ስለሚከተል ሁልጊዜ አታገኙትም፤ ግን ጨዋታው ቆም ባለ ቁጥር ፊቱና ትከሻው ይታያል።

የእኔን ቡድን ጨዋታ ልንገራችሁ። 1 ለ 0 እየመራን ነበር። በ66ኛው ደቂቃ አሰልጣኛችን አሥር ቁጥራችንን፣ ከአጥቂው ጀርባ የሚጫወተውን አማካይ፣ አስወጥቶ ሦስተኛ የመሐል ተከላካይ አስገባ። ከ4-2-3-1 ወደ 5-4-1፣ ከአራት ተከላካይ ወደ አምስት ማለት ነው። በ78ኛው ከማዕዘን ምት፣ በ88ኛው በመልሶ ማጥቃት ተቆጠረብን። 2 ለ 1። አብሮኝ የሚያየው ጓደኛዬ ገና የቅያሪው ቦርድ ሲነሳ «ገደለን!» ብሎ ነበር። ይህ ሰው በ10ኛው ደቂቃም «ገደለን» ይላል፤ ስለዚህ ምስክርነቱ ብዙም አይረዳም።

በማግስቱ ከ56ኛው ደቂቃ ጀምሬ አየሁት። ተጋጣሚያችን በ60ኛው ሁለተኛ አጥቂ አስገብቷል። ሁለቱ የመሐል ተከላካዮቻችን ከሁለት አጥቂ ጋር ፊት ለፊት ቀርተዋል፤ ትርፍ ሰው የለም። የግራ መስመር ተከላካያችን ከእረፍት በፊት ቢጫ አይቷል። ከፊቱ ያለው የመስመር አጥቂያችን ደግሞ ከ58ኛው በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አቁሟል። የእነሱ ቀኝ ክንፍ በዚያ በኩል እንደፈለገ ይመላለሳል። አሥር ቁጥራችንም ደክሟል፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ነው ኳስ የሚጠብቀው።

ስለዚህ አንድ ነገር መደረግ ነበረበት። አሰልጣኙ ችግሩን አይቷል፤ «ዓይኑ የት ነው?» የሚለው ስድብ ወደቀ። ቀጥሎ መድኃኒቱን እንይ።

ያ አሥር ቁጥር ደክሞም ቢሆን አንድ ሥራ ይሠራ ነበር። ተከላካዮቻችን ጠልዘው የሚልኩትን ኳስ ይቀበላል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይይዛል፣ ጥፋት ያሠራል። ቡድኑ የሚተነፍሰው ያኔ ነው። እሱ ከወጣ በኋላ የተጠለዘው ኳስ ሁሉ ወዲያው ተመልሶ ይመጣል። በሚቀጥለው አሥር ደቂቃ አንድ ጊዜ እንኳ በእነሱ ሜዳ ሦስት ቅብብል አልሠራንም። የማዕዘን ምቱ እየተደራረበ መጣ፤ አንዱ ገባ። ማዕዘኑን ራሱን በደንብ ነው የተከላከልነው፤ ኳሱ ነጥሮ ነው የሄደላቸው። ግን ያን ያህል ማዕዘን ከሰጣችሁ አንዱ ይነጥራል።

ሁለተኛው ጎል ደግሞ በዚያው በግራ በኩል መጣ። አቻ ከሆንን በኋላ ለማሸነፍ ወጣን። ቢጫ ያለበት ተከላካያችን ሸርተቴ መግባት ፈርቶ ሰውየውን ለቀቀው። ማን ይፈርዳል? ቀይ ቢያይ ኖሮ እሱን ነበር የምንሰድበው።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ሆነ። ሦስተኛ ተከላካይ ማስገባቱ ልክ ነው። መውጣት የነበረበት ግን መመለስ ያቆመው የመስመር አጥቂ ነው፤ አሥር ቁጥሩ ቢያንስ እስከ 75 መቆየት ነበረበት። ዋናው ክስ ሌላ ነው። አምስት ቅያሪ ተፈቅዶለት እስከ 78ኛው ደቂቃ የተጠቀመው አንዱን ብቻ ነው። ቢጫ ያለበት ተከላካይ፣ የሚንገላታበት ክንፍ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጤነኛ የመስመር ተከላካይ፤ ሦስቱም ለ20 ደቂቃ ያህል ዓይኑ ሥር ነበሩ።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ «ያው ይባረር ማለት እኮ ነው» አለኝ።

እውነት የሚያስወቅሰው ምን ዓይነት ውሳኔ ነው?

ብዙ ጨዋታ ካያችሁ በኋላ የአሰልጣኝ ጥፋቶች እንደሚደጋገሙ ታያላችሁ። እኔ የማተኩረው በጥቂቶቹ ላይ ነው።

የመጀመሪያው፣ ለትልቅ ጨዋታ የሚቀመር አዲስ አሰላለፍ ነው። በ2021 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ፔፕ ጓርዲዮላ ማንቸስተር ሲቲን ከቼልሲ ጋር ሲያሰልፍ ሮድሪንም ፈርናንዲንሆንም ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሁለቱም የተከላካይ አማካይ ናቸው። ቦታውን ለኢልካይ ጉንዶጋን ሰጠው። የቼልሲው ካይ ሃቨርትስ በ42ኛው ደቂቃ አገባ፤ ሲቲዎች 1 ለ 0 ተሸነፉ። ይህን ትችት የምቀበለው በአንድ ምክንያት ነው፦ ብዙ ሰው የተገረመው አሰላለፉ ይፋ ሲሆን ነው፤ ኳስ ገና አልተመታም። የሲቲ ደጋፊዎች ዋንጫውን ለማግኘት እስከ 2023 ጠበቁ፤ ኢስታንቡል ላይ ኢንተርን ያሸነፉባትን ብቸኛ ጎል ያገባው ደግሞ ሮድሪ ራሱ ነው። ይህኛው ለክርክር ይጣፍጣል እንጂ የ2021ን ውሳኔ ስህተትነት አያረጋግጥም። አትለጥፉበት።

ሁለተኛው «ከተቆጠረብንስ?» የሚለውን ጥያቄ የማይመልስ ቅያሪ ነው። እየመሩ የሚደረግ ቅያሪ ሁሉ ይህን መመለስ አለበት ባይ ነኝ። በ2006ቱ የጀርመን ዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ አርጀንቲና በሮቤርቶ አያላ ጎል አዘጋጇን ጀርመንን 1 ለ 0 ትመራ ነበር። በ71ኛው ደቂቃ በረኛው አቦንዳንሲዬሪ ተጎድቶ ወጣ። ይህ የዕድል ጉዳይ ነው፤ ግን ከሦስቱ ቅያሪ አንዱን በላው። ወዲያው አሰልጣኙ ሆሴ ፔከርማን አማካዩን ሪኬልሜን አስወጥቶ የተከላካይ አማካዩን ካምቢያሶን አስገባ። በ79ኛው አጥቂው ክሬስፖ ወጣ፣ ሌላው አጥቂ ሁሊዮ ክሩዝ ገባ። ቅያሪ አለቀ። በ80ኛው ደቂቃ ሚሮስላቭ ክሎሰ አቻ አደረገ።

ከዚያ በኋላ ተጨማሪ 30 ደቂቃ አለ። ኳስ የሚይዘው ሪኬልሜ የለም፤ ጎል የሚፈልገው ክሬስፖ የለም፤ ገና 19 ዓመት የሞላው ሊዮኔል ሜሲ ወንበር ላይ ነው፤ ሊገባም አይችልም። ጀርመን በመለያ ምት 4 ለ 2 አለፈች። ፔከርማን ከጨዋታው በኋላ ሥራውን ለቀቀ። የክሩዝን መግባት ለመከላከል ይቻላል፤ ቁመቱ ለአየር ላይ ኳስ ይጠቅማል። ግን በረኛ የተጎዳበት አሰልጣኝ የቀረችውን የመጨረሻ ቅያሪ ይዞ መቆየት ነበረበት የሚለው ትችት በ79ኛው ደቂቃም ያስኬድ ነበር። ይህ ነው ጥሩ ትችት የምለው።

ሦስተኛው ቅያሪን ማባከን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በጊዜያዊነት፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በቋሚነት በጨዋታው ሕግ አምስት ቅያሪ ተፈቅዷል። ነገር ግን በጨዋታ መሐል በሦስት አጋጣሚ ብቻ ነው የሚደረገው፤ የእረፍቱ አይቆጠርም። ብዙ ደጋፊ ይህን ይረሳል። አሰልጣኙ በሦስት የተለያየ ጊዜ አንድ አንድ ሰው ከቀየረ ሁለት ቅያሪ ቢቀረውም በሩ ተዘግቷል። ስለዚህ «ለምን አራተኛ አልቀየረም?» ከማለታችሁ በፊት አጋጣሚዎቹን ቁጠሩ። ተቆጥረው ካለቁ ጥፋቱ ቀደም ብሎ ነው የተሠራው፤ ለምሳሌ በ58ኛውና በ61ኛው ደቂቃ ለየብቻ ያስገባቸውን ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ማስገባት ይችል ነበር።

ስለ ጊዜው ደግሞ ብሬት ማየርስ የሚባል አሜሪካዊ የዩኒቨርሲቲ መምህር በ2012 ያወጣው ስሌት አለ። ቡድናችሁ እየተመራ ከሆነ የመጀመሪያውን ቅያሪ ከ58ኛው፣ ሁለተኛውን ከ73ኛው፣ ሦስተኛውን ከ79ኛው ደቂቃ በፊት አድርጉ ይላል። የተሠራው ሦስት ቅያሪ በነበረበት ጊዜ ስለሆነ እንደ ሕግ አትያዙት። ግን እየተመራ በ84ኛው ደቂቃ የመጀመሪያውን ቅያሪ ለሚያደርግ አሰልጣኝ ማንሳት አይከፋም።

በመለያ ምትም የሚወቀስ ነገር አለ። የ2020 የአውሮፓ ዋንጫ በ2021 ነው የተካሄደው። በፍጻሜው የእንግሊዙ አሰልጣኝ ጋሬዝ ሳውዝጌት ማርከስ ራሽፎርድንና ጄደን ሳንቾን በ120ኛው ደቂቃ ለመለያ ምት ብሎ አስገባቸው። ራሽፎርድ ብረት መታ፤ የሳንቾን የጣልያኑ በረኛ ዶናሩማ አዳነ። አምስተኛው መቺ የ19 ዓመቱ ቡካዮ ሳካ ነበር፤ እሱም ተያዘበት። ጣልያን 3 ለ 2 አሸነፈች። ሳውዝጌት መቺዎቹን የመረጥኩት በልምምድ ባየሁት ነው፣ ኃላፊነቱም የእኔ ነው ብሏል። ትችቱ ቀላል ነው፦ ሰውነቱ ያልሞቀ፣ ኳስ በደንብ ያልነካ ሰው ከባዱን ምት እንዲመታ ከተፈለገ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ ይግባ። ይህን ለማለት ምቶቹ እስኪሳቱ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር።

ማሻሻልንም አትርሱ። በ2005 ኢስታንቡል ላይ ሊቨርፑል በእረፍት 3 ለ 0 በኤሲ ሚላን ይመራ ነበር። አሰልጣኙ ራፋ ቤኒቴዝ ያለ ተከላካይ አማካዩ ዲትማር ሃማን ነበር የጀመረው፤ ሚላኖች መሐሉን እንዳሻቸው ተመላለሱበት። ከእረፍት ሲመለስ ሃማንን አስገባ፣ ተከላካዩን ሦስት አደረገ። ከ54ኛው እስከ 60ኛው ደቂቃ ሦስቱም ጎል ተመለሰ፤ በመለያ ምትም አሸነፉ። በአንድ ማታ ክፉ አሰላለፍና ጥሩ እርማት ማለት ነው። አሰልጣኛችሁ ከእረፍት በኋላ ምንም ሳይነካ የሚመለስ ከሆነ፣ ጨዋታውም እየተበላሸ ከሆነ፣ ያን ጻፉት።

ስለ ቁጥር

ብዙ አልልም። ኤክስፔክትድ ጎል የሚባለው ቁጥር ለክርክር ይጠቅማል፤ የእያንዳንዱን ሙከራ የመግባት ዕድል ነው የሚደምረው። ግን አንድ ፍጹም ቅጣት ምት ብቻውን የአንድ ጎል ሦስት አራተኛ ገደማ ይጨምራል። «1.4 ለ 0.9 በልጠን ነበር» ከማለታችሁ በፊት ቅጣት ምቱን ቀንሱ። የሚመራ ቡድን ደግሞ ኳስ መስጠቱና ሙከራ መፍቀዱ የተለመደ ነው። ስለዚህ የሙሉ ጨዋታውን ድምር ትታችሁ ከቅያሪው በፊትና በኋላ ያለውን ለዩ። የኳስ ቁጥጥር መቶኛን ለብቻው የሚጠቅስ ሰው ካጋጠማችሁ ወሬ ቀይሩ።

የአሰልጣኙ መግለጫ

ራሳችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ስሙት። ከመግለጫው የሚጠቅመው አዲስ መረጃ ብቻ ነው፤ «ራሱ ልውጣ አለኝ»፣ «በእረፍት ሰዓት ጡንቻው ያዘው» ዓይነቱ። የቀረው ለተጫዋቾቹና ለክለቡ አለቆች የሚነገር ነው። አሰልጣኝ ተጫዋቹን በሰው ፊት አላጋልጥም ብሎ ጥፋቱን ራሱ ላይ ሲወስድ «ይኸው፣ አመነ!» ማለት ደግሞ ነውር ነው። ዳኛውን ብቻ ለአሥር ደቂቃ የሚያማርር አሰልጣኝ ግን ያጠራጥረኛል። ስለ ጨዋታው የሚለው ነገር የለውም ማለት ነው።

«ይባረር» መቼ ይባላል?

በአንድ ጨዋታ አይባልም። ለዚህ ነው ማስታወሻውን አታጥፉት የምለው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስታነቡት ሁለት ነገር ይለያል። አንዳንዱ ቅሬታ አንዴ ታይቶ ጠፍቷል፤ እሱ የዕለቱ ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ግን በየጨዋታው አለ፦ ከመራን በኋላ ማፈግፈግ፣ ቢጫ ያለበትን ማቆየት፣ አንድን ሰው ሁልጊዜ ከቦታው ውጭ ማሰለፍ። የሚደጋገመው ነው ክስ የሚሆነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው እንዲህ ላለው አሰልጣኝ ነው። ለእኔ ጓደኛም ይሠራል፣ ግን እሱ ደመወዝ አይከፈለውም።

ሌላም አስቡ። አሰልጣኝ የሚባረረው ቡድኑ ታች ሲወርድ ነው። ታች ያለ ቡድን ባይነካም ትንሽ ቀና ማለቱ አይቀርም፤ መጥፎ ዕድልም ሲያልቅ ያልቃል። አዲሱ ሰውዬ ሦስት ጨዋታ ሲያሸንፍ «አላልኳችሁም?» ለማለት አትቸኩሉ። «ይባረር» የሚል ሰው ደግሞ በማን እንደሚተካ ይናገር። ማስታወሻው ላይ ያለው ሦስተኛው ጥያቄ ለዚህም ይሠራል።

አንድ ወሰን አለ

የአሰልጣኙን ውሳኔ ስትተቹ ተጫዋቹ ላይ አትውረዱ። ሳካ፣ ራሽፎርድና ሳንቾ ከዚያ ፍጻሜ በኋላ የደረሰባቸው የዘር ስድብ ስለ ኳስ አልነበረም። ወንበር ላይ ተቀምጦ የነበረ ልጅ ግባ ሲባል ገባ፤ ምታ ሲባል መታ። ማን ምረጠኝ አለ? ክፉ ምርጫ ከሆነ የመራጩ ነው። ለተጫዋች በግል ገጹ ስድብ የሚልክ ሰው ካጠገባችሁ ካለ ስልኩን ተቀበሉት።

ለሚቀጥለው ጨዋታ

አሰላለፉ እንደወጣ፣ ጨዋታው ሳይጀመር፣ የሚያሳስባችሁን አንድ ነገር ጻፉ ወይም ለአጠገባችሁ ሰው ተናገሩ። «የግራ መስመራችን ዛሬ ይቸገራል» ዓይነት። አንድ ብቻ። አሥር ነገር ከተናገራችሁ አንዱ መሳካቱ አይቀርም፤ ያ አያኮራም። ቦርዱ ሲነሳም ኳሱ እንደገና ከመጀመሩ በፊት ፍርዳችሁን ስጡ፦ እስማማለሁ፣ አልስማማም፣ ምክንያቴ ይህ ነው። ከጎሉ በኋላ የተሰጠ ፍርድ በእኛ ቤት አይቆጠርም። ጓደኛዬ ይህን ሕግ ተቃውሞታል፤ ግን ከወጣ ወዲህ ቅያሪ ሲደረግ ዝም ማለት ጀምሯል።

የተጠባባቂዎቹን ዝርዝርም ቀድማችሁ አንብቡ። «ለምን እገሌን አላስገባም?» እያልን ግማሽ ሰዓት የምንጮህለት እገሌ አንዳንዴ ከነጭራሹ ከቡድኑ ጋር አልመጣም።